የላሞቼ መኪና

መኪናዋን የገዛኋት እኔ ነኝ። ይህን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ለመናገር ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ሰርቄ አላመጣኋትም፣ ለምኜም አላገኘኋትም። ግን ሰው "ባልሽ እንዴት ያለች መኪና ገዛ!" ሲለኝ "አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ። ስለዚህ ባለቤቴ ላይ ከመናደዴ በፊት በራሴ እናደዳለሁ። ከዚያ ወደ እሱ እመለሳለሁ፤ አይቀርለትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሠርጌ ነው። አባቴ የኮሶዬ ገበሬ ነው። እኔ ጎንደር ተምሬ አዋላጅ ነርስ ሆንኩና የከተማ ሰው አገባሁ፤ አራዳ ውስጥ የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ ያለው ነጋዴ። የሰማንያ ውላችን ሲጻፍ፣ ማን ምን ይዞ እንደመጣ በዝርዝር ይሰፍራልና፣ የእሱ ወገኖች አልጋና ፍሪጅ፣ ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥን አስጻፉ። ተራው የአባቴ ሲሆን ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ለልጄ ከአባቷ ቤት የተሰጣት፣ አንዲት ዳልቻ ላም ከነጥጃዋ፣ አንዲት ቡላ ጊደር፤ የግሏ" አለ።

ሚዜዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አንደኛው "ነርሷ ላም እየነዳች ልትገባ ነው" ብሎ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰምቼዋለሁ። እኔም አፈርኩ። የአባቴን ጋቢ ጫፍ ሳብ አድርጌ፣ "አባዬ፣ ይቅርብኝ" አልኩት።

"ምነው ይቅር? ላም ነውር ነው እንዴ?" አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞረና፣ "'የግሏ' ያልኩህን ጽፈሃል? እስቲ አንብብልኝ" አለው። አባቴ ማንበብ አይችልም። ግን የትኛዋ ቃል ወረቀቱ ላይ መኖር እንዳለባት ከተማርነው ሁሉ በላይ ያውቅ ነበር።

ላሞቹ ኮሶዬ ቀሩ። ወተቱ የአባቴ፣ ጥጃው የእኔ። እኔ ረስቻቸው ነበር፤ እሱ ግን አልረሳም። ልጠይቀው በወጣሁ ቁጥር ገና ሳልቀመጥ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደከሳች፣ የትኛው ወይፈን ለገበያ እንደደረሰ ይነግረኛል። እኔ "እሺ አባዬ" እላለሁ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ቆይቶ እዚያው ኮሶዬ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ልጆቼ ሁለት ሆነዋል፣ ትምህርት ቤታቸው ጎንደር ነው። ጠዋት መሄዱ አይከብድም፤ ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይገኛል። መመለሱ ነው መከራው። ከደባርቅና ከአምባ ጊዮርጊስ የሚመጡት ሁሉ እስከ በር ሞልተው ነው የሚያልፉት፤ በዚያ ብርድና ዝናብ መንገድ ዳር ቆማ እጇን ለምታውለበልብ አንዲት ሴት ማንም አይቆምም። ቤት ስደርስ ልጆቼ የደንብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ሶፋ ላይ ተኝተው አገኛቸዋለሁ። መኪና ከሌለኝ ያለኝ ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር። ወይ ኮሶዬ ቤት ተከራይቼ ልጆቼን በእሁድ በእሁድ ማየት፣ ወይ ሥራዬን መልቀቅ።

ይህን ለአባቴ ያጫወትኩት ቀን ትንሽ አሰበና፣ "ከብቱ በዝቷል፣ ሣሩ አንሷል። ምን ላድርግልሽ?" አለኝ። "ሽጥልኝ" አልኩት። ከአሥራ ሁለቱ አንዷን አስቀርቶ ሌላውን በየተራ አምባ ጊዮርጊስ እየነዳ ሸጠልኝ። በዚያ ገንዘብ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ገዛሁ፤ ከሌላ ከየትም አልተጨመረባትም። በሯ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ መደብደብ ይፈልጋል፣ ማሞቂያዋ አይሠራም። ግን ኮሶዬ ትወጣለች፣ ከኮሶዬም ትወርዳለች።

አሁን ስህተቴን ልናገር። ደላላው ሊብሬውን እያገላበጠ "በማን ስም ይዙር?" ሲል ባለቤቴ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን እያየ ነበር። ሱቁ ቀዝቅዞበት የነበረበት ወቅት ነው። አሳዘነኝ። ደግሞ ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር አለ፤ ሚስት መኪና ገዝታ ባል ጎኗ ሲቀመጥ ሠፈሩ ምን እንደሚል አውቀዋለሁ። እና፣ አንደበቴ በተቆረጠ፣ "በሱ ይዙር" አልኩ። ማንም ሳያስገድደኝ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ።

በሳምንቱ ካህን ጠርቶ ፀበል አስረጫት፣ በግ አርዶ ጓደኞቹን ጋበዘ። እንግዶቹ "እንኳን ደስ አለህ" ሲሉት "አዎ፣ ተፍጨርጭሬ ገዛኋት" አለ። ተፍጨርጭሬ አለ! እኔ የጠላ ማንቆርቆሪያ ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጉርሻው አፉ ሳይደርስ እጁ ቆመና ቀና ብሎ አየኝ። ዝም በል ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት። ዝም ብሎ በላ። በገዛ ላሞቼ ድግስ ላይ አስተናጋጅ ሆኜ ዋልኩ።

የባለቤቴ ሁሉ ነገር ክፉ ነው አልልም። ልጆቹን ይወዳል፣ አይጠጣም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን በራሱ እጅ ያጥባል። መክሰሩም አላናደደኝም። መንገድ ተዘጋ፣ ግንባታ ቆመ፣ ቆርቆሮ በዱቤ የወሰዱበት ሰዎች የት እንደገቡ ጠፉ። ይህ በሱ ላይ ብቻ የመጣ አይደለም። መጥቶ "ከሰርኩ" ቢለኝ የአንገት ወርቄን አውጥቼ እሰጠው ነበር። እሱ ግን ሱቁ ባዶ ከሆነ በኋላም ጠዋት ጠዋት የሱቁን ቁልፍ እያንቃጨለ ይወጣል፣ ማታ ይመለሳል። የት ይውል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ዕዳ ውስጥ መግባቱን የሰማሁት ከእሱ አይደለም። ለዓመታዊ ምርመራ መኪናዋን ይዤ ሄድኩ፤ ቦሎ ሊለጠፍላት። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና፣ "ይቺ በፍርድ ቤት ታግዳለች" አለኝ።

"ምን አድርጋ?"

"እሱን ፋይሉ ነው የሚያውቀው። ባለንብረቱ ይምጣ።"

"ባለንብረቷ እኔ ነኝ።"

ሊብሬውን ገለጠ፣ ስሙን አየ፣ እኔን አየ። "እዚህ ላይ ያለው የወንድ ስም ነው" አለና ሊብሬውን በመስኮቱ ቀዳዳ መለሰልኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሾፌሮች ቀጣዩ ይግባ ብለው ጮኹ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ንዴት ከዚያ በፊት አላውቀውም ነበር፤ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

ቤት ስደርስ ሱሪውን ሰብስቦ ባልዲ አጠገብ ቆሟል፤ የመኪና ማጠቢያ ጨርቁን እየጨመቀ ነበር። እኔ ይዣት እስክመጣ እየጠበቃት ነበር። ሞተሩን ሳላጠፋ ወረድኩ።

"ማነው ያሳገዳት?"

እንደምጠይቀው የጠበቀ ይመስላል። "አበልጃችን" አለ። ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሳው ሰው ማለት ነው። በጅምላ ቆርቆሮ የሚያከፋፍል፣ ለሱቁ ዕቃ በዱቤ ይሰጠው የነበረ፣ በየበዓሉ እቤቴ መጥቶ የሚበላ። "ከሶኝ ተፈረደብኝ። ግን አይጨክንም፤ ለማስፈራራት ነው።"

"በምን አምኖ ነው ያን ሁሉ ዕቃ የሰጠህ?"

ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ አወጣ፣ ጨመቀ። "መኪናዬን ያውቃታል" አለ።

መኪናዬ። ባልዲውን በእግሬ ገለበጥኩት። ውሃው ጫማው ውስጥ ገባ፤ እሱ ግን ምንም አላለም። ያ ዝምታው ነው ሁልጊዜ የሚያቃጥለኝ። ሰው ሲሰደብ መልሶ ይሳደባል፤ እሱ ግን ቆሞ ይረጥባል።

በማግስቱ ጠበቃ አነጋገርኩ። መኪናዋ በሐራጅ ልትሸጥ ነው፤ የግል ንብረቴ መሆኗን ካስረዳሁ ግን ለእሱ ዕዳ አትሸጥም አለኝ። "ምን ማስረጃ አለሽ?" ሲለኝ ያለኝን ወረቀት አወጣሁለት። ሊብሬው በሱ ስም ነው፣ የሽያጭ ውሉም በሱ ስም ነው። እሱ ራሱ ለዓለም ሁሉ "ገዛኋት" ብሏል። "ባልሽ እውነቱን ከመሰከረ ይረዳል" አለኝ ጠበቃው። "እሱ ምን ቸገረው?" ብዬ አቤቱታው ላይ ፈርሜ ተነሣሁ። እሱ ያን ያህል ይቸግረዋል ብዬ በፍጹም አልገመትኩም።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ሦስት ናቸው፤ አበልጃችን የላካቸው። ፊት የገቡት የኛ ሠፈር ሰው ነበሩ፤ ትልቅም ትንሽም "አያ" የሚላቸው፣ ሠፈሩ ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። እኔ የዕለቱ ተረኛ ስለነበርኩ ነጭ ካፖርቴን ክንዴ ላይ አድርጌ ልወጣ ስል ነው የደረሱት። ወንበር ሳብኩላቸው። ሦስቱም ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

"አንቀመጥም፣ ልጄ" አሉ አያ። "እሺ እስክትይን እንቆማለን።"

ለማያውቀው ሰው ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ አገር ግን ሽማግሌ ቤትሽ ገብቶ አልቀመጥም ካለ ጉሮሮሽን ይዞሻል። የሚጠይቅሽን ሳትሰጪ ማስቀመጥ አትችይም፣ ቆመው ደግሞ ማየት አትችይም። ነገሩን አያ ቀስ ብለው ዘረዘሩት። መኪናዋን በሰላም እንድሰጥ፣ ክርክሩን እንድተው፣ አበልጃችንም የቀረውን ዕዳ በክርስትናው ስም እንደሚተው። "አበልጅ ከአበልጅ ፍርድ ቤት ሲቆም አያምርም። ዕቃ ነው፤ ነገ ይተካል" አሉ።

ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዞር ብሎ አየኝና በለሆሳስ፣ "እሺ በያቸው" አለኝ።

እሺ በያቸው! ጠዋት ጠዋት የምሄድበትን ያውቃል። የልጆቹን እራት ማን እንደሚያቀርብ ያውቃል። ቤት ውስጥ የቀረው ደሞዝ የእኔ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። መኪናዋ ከሄደች እኔ ኮሶዬ እንደምቀር ያውቃል። ይህን ሁሉ እያወቀ መኪናዋን ለመስጠት የቸኮለው፣ መስጠቱ ከመናገሩ ስለሚቀለው ነው። መኪና ያጣ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሚስቴ ናት የገዛችልኝ ብሎ የሚናገር ነጋዴ ግን እሱ አይቶ አያውቅም።

"አያ" አልኳቸው፣ "እኔ እሺም እንቢም አልልም። እሱን ይጠይቁልኝ። መኪናዋን ማን ገዛት?"

ሦስቱም ዘወር አሉ። ባለቤቴ ከንፈሩን ላሰ። ልጆቼ የጓዳውን መጋረጃ ገልጠው እያዩ ነበር።

"የጋራችን ናት" አለ።

ውሸት ቢል ይሻለኝ ነበር። "እኔ ነኝ የገዛሁ" ቢል እጮህበት ነበር። "የጋራችን" ግን ደግነት የምትመስል ቃል ናት፤ የአባቴን ላሞች በሙሉ ዋጠቻቸው። ካፖርቴን ለበስኩ፣ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳሁ።

"አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀኛለች" አልኳቸው። "እሱ እውነቱን ሲነግራችሁ ያን ጊዜ ተቀመጡ።"

ቆመው ትቻቸው ወጣሁ። በዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። መኪናዋን አስነስቼ፣ ከከተማ ወጥቼ ወለቃን እስካልፍ ድረስ መስኮቱን ዘግቼ ጮህኩ። ቃል አልነበረውም፤ ዝም ብዬ ጮህኩ። ማታ ልጄ እንደነገረችኝ ብዙ ቆመዋል። አንደኛው ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር በመጨረሻ ግድግዳ ተደገፉ። አባቷ ግን ምንም አልተናገረም አለችኝ። ሠፈሩ ለሳምንታት "ሽማግሌ አቁማ የሄደች" ብሎ ሲጠራኝ ከረመ፤ ይጥራኝ።

በዚያው ሳምንት ከሥራ ስወጣ አባቴ ጋ ሄድኩ። የሰማንያውን ወረቀት ስጠይቀው ከአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ጎተተ። ከመሬት ደብተሩ ጋር በላስቲክ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። እኔ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ያሳፈረኝን ወረቀት እሱ እንደ ታቦት ጠብቆታል። "የግሏ" የምትለዋን ሳነብለት ራሱን ነቀነቀ።

"ያኔ ድግሱ ላይ ዝም ያልኩት አንቺ ስለጠቀስሽኝ ነው" አለ። "አሁንስ ትጠቅሺኛለሽ?"

"አልጠቅስህም አባዬ።"

"ሸጋ። እንግዲያው እወርዳለሁ።"

በቀጠሮው ቀን አባቴ ላሞቹን ሲሸጥ ያዩትን ሁለት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ወረደ። ጋቢውን አጥቧል፣ ዘንጉን ይዟል። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። አበልጃችን ከጠበቃው ጋር ፊት ተቀምጧል፤ ዓይን ለዓይን ላለመገናኘት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አባቴ ምሎ ሲጨርስ ዳኛው "ስለ መኪናው የሚያውቁትን ይናገሩ" አሉት።

"ስለ ማኪናዋ ብዙም አላውቅ" አለ አባቴ። "ስለ ላሞቹ ግን ልናገር። ዳልቻዋ ለልጄ ስሰጣት ጥጃ ይዛ ነበር፤ ጥጃዋ ቦራ ናት። ቦራ ስታድግ ሦስት ወለደች፤ አንዱ ወይፈን ነው፣ ወይኖ፤ እሱን መጀመሪያ ሸጥነው። ቡላዋ ጊደር ዘግይታ ነው የወለደች፣ ግን ስትጀምር አላቋረጠች..."

የአበልጃችን ጠበቃ ተነሣ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ክርክሩ ስለ ተሽከርካሪ ነው፤ የከብት የዘር ሐረግ..."

"ይቀጥሉ፣ አባት" አሉ ዳኛው።

አባቴ ቀጠለ። አሥራ ሁለቱንም በቀለማቸውና በእናታቸው፣ የተሸጡትንም በተሸጡበት ወቅት ቆጠረ፤ የገዛውን ሰው እንኳ ከየት መንደር እንደሆነ ተናገረ። ጠበቃው ላሞቹ ለመሸጣቸው ደረሰኝ እንዳለው ሲጠይቀው አባቴ በመገረም አየው። "ላም በደረሰኝ አይሸጥም፣ ልጄ። በሰው ፊት ነው የሚሸጥ። ሰዎቹ እውጭ ተቀምጠዋል፤ ይግቡልህ?"

እኔ እንባዬ መጣ። ላሞቼን ያኔ አንድ በአንድ አወቅኋቸው። ስንት ዓመት "እሺ አባዬ" እያልኩ ሳላዳምጥ ያሳለፍኩትን በዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ሰማሁት።

ጎረቤቶቹ ከመሰከሩ በኋላ ዳኛው ወረቀቱን አገላበጡ። ከዚያ ባለቤቴን አስነሱት። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ከሽማግሌዎቹ ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ የተነጋገርነው ስለ ልጆቹ ደብተርና ስለ ጨው ብቻ ነው።

"ለአበዳሪዎ መኪናው የእኔ ነው ብለዋቸዋል?"

"ብያለሁ።"

"እውነት ነበር?"

የኮቱን ቁልፍ ይነካካል። ጠበቃዬ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ መሬት። ከኋላ አባቴ ሲያስል ተሰማ። ባለቤቴ ያን ሳል ሰምቶ ዞረ፣ አባቴን አየው፣ ተመለሰ።

"አልነበረም" አለ።

"ማን ነው የገዛው?"

የሆነ ነገር አለ። ማንም አልሰማውም።

"ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፤ ጸሐፊዋ አልሰማችም።"

"ባለቤቴ ናት የገዛችው። በላሞቿ" አለ። ጸሐፊዋ ጻፈችው።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ይልቁን ብሼ ልፈነዳ ደረስኩ። ይህቺው ናት? ልጆቼ መጋረጃ ገልጠው እያዩ ሊላት ያልቻላት ቃል ይህቺ ናት? አባቴን በዚያ ዕድሜው ከኮሶዬ ያስወረደችው፣ ሽማግሌ ያስቆመችው፣ እኔን በሠፈሩ ያስጠራችው ይህቺ አንድ መስመር ናት? ከዳኛ ፊት ሲቆም የወጣችለት ቃል ከእኔ ፊት ለምን እንደታነቀችበት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

በሌላ ቀጠሮ እግዱ ተነሣ። አባቴ "ሸጋ ዳኛ ነው፤ ላም ያውቃል" አለ። ባለቤቴ አሁን በሌላ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ዕዳውን ከደሞዙ በየወሩ ይከፍላል። በዚያ ግድ የለኝም፤ ዕዳው የሱ ነው። አበልጃችን በበዓል መምጣት አቆመ። ሊብሬውም በስሜ ዞሯል፤ ቢሮ ሄደን ሳያመነታ ፈረመ። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ ብዬ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ መኪናዋን ያጥባል። የግቢው በር ክፍት ነው። አያ፣ ያኔ አቁሜያቸው የሄድኩት ሽማግሌ፣ በመንገድ ሲያልፉ ቆም አሉ።

"እንኳን መኪናህ ተረፈችልህ!" አሉት።

አንሶላው ጋርዶኝ ነበር፤ ሁለቱም አላዩኝም። ጨርቁን የያዘ እጁ ኮፈኑ ላይ ቆመ። ጠበቅኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጠበቅኩት።

"ተመስገን፣ አያ" አለ።

ያ ብቻ። የምሰቅለውን ልብስ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩት። ከበረንዳው ወንበር አንስቼ በሩ ጋ ይዤ ወጣሁ፣ ከአያ ፊት አስቀመጥኩት። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ያ ቀን ትዝ ሳይላቸው አይቀርም።

"አያ፣ ያን ቀን አቁሜዎት ሄድኩ። ዛሬ ይቀመጡልኝ።"

"ኧረ ልጄ፣ እየሄድኩ ነው..."

"ይቀመጡ። መልሱን ልነግርዎት ነው።"

ተቀመጡ። ዘንጋቸውን ጉልበታቸው መሀል አደረጉ። እኔም ፊታቸው ቆሜ፣ የአላፊ አግዳሚው ጆሮ እንዲደርሰው አድርጌ፣ "መኪናዋን የገዛኋት እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ አባቴ እንዳደረገው ከዳልቻዋ ጀመርኩ። ቦራን፣ ወይኖን፣ የቡላዋን ልጆች፣ አንዷንም ሳልዘል። አያ በየመሀሉ "እህ" ይላሉ። የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ወጡ። ልጄም ከቤት ወጥታ ጎኔ ቆመች።

ባለቤቴ ከመኪናዋ ማዶ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ስጨርስ ወደ እሱ ዞርኩ። አንዳች ነገር ይናገራል ብዬ አይደለም፤ ያ ተስፋ አልቋል።

"የኋላ ጎማዋ ጭቃ አለበት" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አጠበው።